ጋሽ ሽፈራው ኢ ድራይቭ ላይ እንዴት እንደሞቱ

ከመጀመሪያው ልናዘዝና ይውጣልኝ። እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ በመሆኔም የሟቾችን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ዲላ ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር፣ ቀብር ላይ ቆማችሁ "ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ" የሚል ንባብ ከሰማችሁ የእጄ ሥራ ነው። እስከ ዛሬ ክፉ ሰው ቀብሬ አላውቅም። በሕይወት ሳለ ጎረቤቱን ሁሉ ፍርድ ቤት ሲያመላልስ የኖረ ሰው እንኳ እኔ ጋ ሲደርስ "ለእውነት ተሟጋች" ይሆናል።

ኑዛዜዬ ግን ይህ አይደለም። ኑዛዜዬ፣ ታሪካቸውን የምጽፈው ከመሞታቸው በፊት መሆኑ ነው።

ቆይ፣ አትፍረዱብኝ። ሰው ጠዋት ይሞታል፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቤተሰቡ እያለቀሰ ይመጣና ሟቹ የት እንደተወለደ ስጠይቀው እርስ በርሱ ይከራከራል። አንዱን ጎልማሳ የእናቱን ስም ብጠይቀው "ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት" ብሎ አፈጠጠብኝ። እቴቴ ብዬ ጻፍኩ፣ እቴቴ ተብላ ተቀበረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ዕድሜያቸው የገፋ አባሎቻችንን ታሪክ ቀስ ብዬ፣ ማንም ሳያውቅ፣ አስቀድሜ ማዘጋጀት የጀመርኩት። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ትንሽ አወራቸዋለሁ፤ የት ተወለዱ፣ ስንት ወለዱ፣ መቼ ዲላ ገቡ። "ይህ ልጅ ሽማግሌ ይወዳል" እየተባልኩ ስንት ጊዜ ተመርቄያለሁ። በምርቃቱ አፈርኩ፤ ግን አላቆምኩም። በእድር ስብሰባ ላይ አንድ አዛውንት ሳል ሲያበዙ ሌላው ሰው ውሃ ያቀብላቸዋል፤ እኔ ቁጭ ብዬ በሐሳቤ ሁለተኛውን አንቀጽ አስተካክላለሁ።

እንጀራዬ ግን እድር አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ሰው ተሰጥቶናል፤ የምጽፈው ሁሉ የሚቀመጠውም እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ፣ ለሦስታችን የጋራ በሆነው ፎልደር ነው። ታዲያ አንድ ቀን ባልደረባዬ ደብዳቤ ሲፈልግ "የአቶ እገሌ የሕይወት ታሪክ" የሚል አገኘና ወደ እኔ ዞሮ "እኚህ ሰውዬ መቼ ሞቱ? ትናንት አብረን ምሳ በላን እኮ" አለኝ። ሞክሼአቸው ናቸው አልኩት። አመነኝ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በር በተከፈተ ቁጥር ፎልደሩን ስዘጋ ዋልኩ፤ በእኛ አገር በቁም ያለን ሰው ሞት ጽፎ ማስቀመጥ ማለት ሟርት ነው፤ ቢታወቅብኝ ከእድሩ ብቻ ሳይሆን ከሰፈሩም ነበር የምባረረው።

መፍትሔውን ያመጣችልኝ ሄለን ናት። ሄለን የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ከአዲስ አበባ መጥታ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተምራ እዚሁ የቀረች፣ የዲላን ዝናብ በየቀኑ የምታማ፣ ግን የትም የማትሄድ። ችግሬን ግማሹን ብቻ ነገርኳት። የምጽፈው ነገር የጋራው ፎልደር ውስጥ ሳይሆን ፍላሼ ላይ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ አልኳት፤ ሴቭ ስል እኔ ሳልነግረው በራሱ እዚያ ይሂድልኝ።

"ሲምፕል ነው፣ ዲፎልቱን እንቀይረዋለን" አለች።

ዲፎልት ምንድን ነው ብላት፣ አንተ ምንም ካላልከው እሱ በራሱ የሚያደርገው ነው አለችኝ። ወዲያው ገባኝ። ሰው "እንዴት ነህ?" ሲለኝ ጥርሴን እያመመኝም ቢሆን "እግዚአብሔር ይመስገን" እንደምለው ማለት ነው። ሄለን ቁጭ አለችና ፋይል ውስጥ ገባች፣ ኦፕሽንስ የሚለውን ከፈተች፣ ሴቭ የሚለውን ነካች። እዚያ ረጅም አድራሻ የተጻፈባት አንዲት ሳጥን አለች። አድራሻውን አጥፍታ በምትኩ ኢ የምትባለውን የፈረንጅ ፊደል አስገባችበት። ፍላሼ በዚያች ሰዓት ተሰክቶ ነበር፤ ኮምፒውተሩም ኢ ድራይቭ ብሎ ነው የሚጠራው። "አለቀ። ግን ስማኝ፣ ሌላ ፍላሽ ሲሰካ..." ብላ ልትቀጥል ስትል እኔ ስክሪኑ ላይ ፈዝዤ ነበር። ገብቶኛል፣ ገብቶኛል አልኳት። በሕይወቴ "ገብቶኛል" ብዬ ያመለጡኝ ነገሮች ቢሰበሰቡ አንድ ዩኒቨርሲቲ ያስከፍታሉ።

ይባስ ብሎ እውቀቱ አላስቀምጥ አለኝ። በማግስቱ ኤክሴልንም ቀየርኩት። ስካነሩን ቀየርኩት። ከኢንተርኔት የሚወርደውን ቀየርኩት። ከዚያም ሴቲንግ ውስጥ ስገባ ዊንዶውሱ ራሱ አዳዲስ ነገሮች የት እንዲቀመጡለት የሚጠይቅበት ቦታ አገኘሁ፤ ሰነዱንም፣ ፎቶውንም፣ ሙዚቃውንም፣ ቪዲዮውንም ኢ አልኩት። ቪዲዮ የለኝም፤ ቢኖረኝ ግን ኢ ይሄዳል። ምስጢሬ ሁሉ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ኪሴ ገባ ብዬ እንደ ልቤ መጻፍ ጀመርኩ።

አሁን ወደ ጋሽ ሽፈራው ልምጣ። ጋሽ ሽፈራው የእድራችን ዳኛ ናቸው። ይርጋጨፌ አጠገብ ኮንጋ ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሲሠሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ዲላ የገቡ ሰው ናቸው። በቀዩ እሸት መሃል የተደበቀች አንዲት ጥሬ ፍሬ ከሩቅ ትታያቸዋለች ይባላል። ለእኔ ደግሞ ከዳኛም በላይ ናቸው። ሚስቴን ሽማግሌ ሆነው የጠየቁልኝ እሳቸው ናቸው። የሚስቴ አባት ሁለት ጊዜ መልሰዋቸው፣ ሦስተኛ ጊዜ ሄደው "ሰነፍ መሆኑን አልክድም፤ ግን ልጃችሁን አያስለቅስም" ብለው አስፈቀዱልኝ። ዛሬ ቤትና ልጅ ያለኝ በእሳቸው አፍ ነው።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጋሽ ሽፈራው ወድቀው ሆስፒታል ገቡ። ልጃቸው ምሕረት፣ ይርጋጨፌ መምህርት የሆነችው፣ እየሮጠች ቢሮዬ መጣች። ለትምህርት ቤቷ የፈቃድ ማመልከቻ ጽፋ ፍላሽ ላይ ይዛ ኖሮ እንዳትምላት ለመነችኝ። የኮምፒውተራችን አንዷ የፍላሽ ቀዳዳ ከሞተች ቆይታለች፤ በሕይወት ያለችው አንዲት ብቻ ናት። ስለዚህ የእኔን ነቅዬ የእሷን ሰካሁ፣ አተምኩላት፣ ወረቀቱን ይዛ ወደ ሆስፒታል በረረች። ፍላሿን ግን ረሳችው። እኔም እንደተሰካ ረሳሁት።

ምሳ ሰዓት ላይ ደወለች። ሐኪሙ ሕመማቸው የልብ እንደሆነ፣ ሌሊቱን ላያልፉ እንደሚችሉ፣ ቢያልፉም ደግሞ ከእንግዲህ መደንገጥ ፈጽሞ እንደሌለባቸው ነገራት፤ ይህን እያለቀሰች ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ ባዶ ቢሮ ውስጥ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ከዚያ ምን ላድርግ? ሌላው ሰው ሲያዝን ይጸልያል፣ እኔ ሲከፋኝ የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ። እያለቀስኩ ጻፍኩት። እንደዚያ አምሮልኝ አያውቅም። የተወለዱበትን፣ የሠሩበትን፣ ያስታረቁትን፣ የዳሩትን ሁሉ ጻፍኩ። "ከወንድም ከእህቶቻቸው ጋር ተፋቅረውና ተሳስበው የኖሩ" አልኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ጋሽ ሽፈራው ኮንጋ ካለው ታናሽ ወንድማቸው ከጅግሶ ጋር በአንዲት የድንበር ዛፍ ተጣልተው ሃያ ዓመት ሙሉ እንዳልተነጋገሩ ሰፈሩ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ያቺን መስመር ለሟች ሁሉ ነው የማስገባት፤ እጄ እኔን ሳያማክር ጻፋት። ያረፉበትን ቀን ባዶ ተውኩና ሴቭ አልኩ። አመሻሽ ላይ ምሕረት መጥታ ፍላሿን ነቅላ አመስግናኝ ሄደች።

ጋሽ ሽፈራው ግን አልሞቱም። ሌሊቱን አለፉ፣ ሳምንቱን አለፉ፣ ቆመው ሄዱ፤ ከሆስፒታል ወጥተውም እንዲያገግሙ ይርጋጨፌ ልጃቸው ቤት ገቡ። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ። ሐሳብ ግን ገባኝ፤ የዳነ ሰው ሞቱ ኪሴ ውስጥ ተጽፎ ሲዞር አንድ ነገር ቢሆኑስ? ይጥፋ፣ ከእንግዲህም በቁም ያለ ሰው አልጽፍም ብዬ ተሳልኩና አንድ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ፍላሼን ሰካሁ። ፈለግሁ፣ የለም። ደግሜ ፈለግሁ። ሌሎቹ ሁሉ በሥርዓት ተኝተዋል፤ እሳቸው ብቻ የሉም።

ሄለንን ጠራኋት። አንድ ኢ ላይ ያስቀመጥኩት ነገር ኢ ላይ የለም አልኳት። የዚያን ቀን የተሰካው የአንተ ፍላሽ ነበር ወይ አለችኝ። ኢ የእኔ ፍላሽ አይደል እንዴ አልኳት።

"ኢ የፍላሽህ ስም አይደለም" አለችኝ። "የወንበሩ ስም ነው። ማንም መጥቶ ቢቀመጥበት ኢ ነው የሚባለው። ነግሬህ ነበር እኮ።"

ክው አልኩ። የማርያም ያለህ! ሦስት ወር ሙሉ እዚያች ቀዳዳ ላይ ያልተቀመጠ የማን ፍላሽ አለ? የአለቃችን ፍላሽ ተቀምጧል፤ እሱን ይዞ ለሥልጠና ገደብ ወረዳ ሄዷል፤ እኔም በዚያው ሰሞን ስለ አለቃችን አጉል ጠባይ የሚያትት የዝውውር ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ከፋይናንስ የምትመጣው ባልደረባችን ፍላሽ ተቀምጧል፤ እኔም በዚያው ሳምንት የኪንታሮት መድኃኒት ማዘዣዬን ስካን አድርጌያለሁ። ለካስ ከሦስት ቀን ወዲህ ስታየኝ በሐዘኔታ "ቁጭ በል፣ ወይስ ቆመህ ይሻልሃል?" የምትለኝ ለዚህ ኖሯል! ሄለን ግን የእነዚህን ምንም አታውቅም፤ በቅርብ የተከፈቱትን ዝርዝር እያየች "የፈለግከው ፋይል የተቀመጠው ማክሰኞ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው" አለች። ያኔ የማመልከቻውም የማዘዣውም ድንጋጤ ጠፋኝ። ማክሰኞ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው የምሕረት ፍላሽ ነበረች።

የሰውዬው ሞት የተጻፈው ልጃቸው እጅ ላይ ነው። መደንገጥ የለባቸውም የተባሉት ሰውዬ ደግሞ ልጃቸው ቤት ናቸው።

ደወልኩላት። በትምህርት ሰዓት መካከል አገኘኋት። እንደ ዘበት "ያቺ ፍላሽሽ አለች?" አልኳት። ሳቀች። "አባዬ ይዞት ወጥቷል" አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የጋሽ ሽፈራውን የወጣትነት ፎቶዎች እየሰበሰበች እዚያ ፍላሽ ላይ ስታስቀምጥ ኖራለች። እሳቸው አሁን ሲሻላቸው ግድግዳ ላይ ልስቀላቸው አሉ። ሐኪሙም በእግር መሄድ ጥሩ ነው ስላለ፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ማተሚያ ጋ በራሳቸው ይሂዱ ብላ ላከቻቸው። እሳቸው ከኮምፒውተር ጋር ስለማይተዋወቁ "ውስጡ ያለውን በሙሉ አትምልኝ በለው" ብላ አስጠናቻቸው።

በሙሉ። ለምሕረት እውነቱን መንገር አልቻልኩም፤ "ለሰላምታ ነው የደወልኩት" ብዬ ዘጋሁ። የአለቃዬ ተወካይ ጋ ሄጄ ለቅሶ ገጥሞኛልና ልሂድ አልኩ። ማን ሞተብህ ቢለኝ አፌ እንዳመጣልኝ "ገና ነው" አልኩት። እስካሁን ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ፈቀደልኝ።

መናኸሪያ ሮጬ ይርጋጨፌ ሊወጣ ካለ ሚኒባስ የመጨረሻዋን ወንበር ያዝኩ። የመጨረሻዋ ወንበር ማለት የመጨረሻዋ እንዳልሆነች የሚገባችሁ ሌላ ሦስት ሰው ሲጨመርላችሁ ነው። ሾፌሩ ወናጎ ላይ ቆሞ ጆንያ ጫነ። ከዚያ ወጥቶ ጥቂት ሄደና ዘመዱን አይቶ ቆመ። እኔ በየቆመበት ጋሽ ሽፈራው ወረቀቱን ሲያነሱ፣ መነጽራቸውን ሲያደርጉ፣ ደረታቸውን ሲይዙ ይታየኛል። በሦስተኛው ማቆሚያ ላይ አንድ ነገር መጣብኝና ጭራሽ ደረቅሁ። አሁን ጋሽ ሽፈራው በድንጋጤ ቢሞቱ የጻፍኩት በሙሉ ትክክል ይሆናል። የገደልኩትም እኔ፣ ታሪኩን የማነብም እኔ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ልጄ፣ መኪና ያዞርሃል?" ብለው ሎሚ ሰጡኝ።

ማተሚያው ጠባብ ሱቅ ነው። አታሚው ትሁት ሰው ነው፤ ትህትናው ነው ጉድ ያደረገኝ። ዛሬ ጠዋት በፍላሽ ፎቶ ያሳተሙ አንድ ሽማግሌ መጥተው ነበር ወይ ስለው ከመቀመጫው ተነሳ። "የሟች ቤተሰብ ነዎት?" ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "እግዚአብሔር ያጥናችሁ።"

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏችኋል ይህ ነው። ሰውዬው ፍላሹን ሲከፍት ፎቶዎችና አንድ የሕይወት ታሪክ አገኘ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ገባው። በሙሉ አትም ተባለ፤ እሱ ግን ከታዘዘውም በላይ አደረገ። ከወጣትነት ፎቶዎቹ አንዱን መርጦ ወረቀቱ አናት ላይ አስገባ፣ በግራና በቀኝ ሁለት የሚነዱ ሻማዎች ጨመረ፣ ለለቀስተኛው እንዲዳረስ ሃያ ቅጂ አተመ። አንዱን ደግሞ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ አሸገው። "ያረፉበት ቀን ተረስቶ ነበር" አለኝ በኩራት፤ "የዛሬን አስገባሁበት።"

የዛሬን። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ወረቀቱን ማን ወሰደው አልኩት፤ የሰማኝም አልመሰለኝም ነበር። ያመጡት ሽማግሌ ናቸው አለኝ፤ ቁጭ ብለው አንድ ጊዜ አነበቡት፣ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡት፣ እስክሪብቶ ተዋሱ፣ መለሱ። "ወንድማቸው ናቸው መሰለኝ፣ ፎቶውን ይመስላሉ። እግዚአብሔር ያጥናዎት ስላቸው አሜን አሉኝ" አለ። ከዚያስ? ከዚያ በር ላይ ሞተር ጠርተው፣ ሃያውንም ወረቀት ታቅፈው፣ ወደ ኮንጋ ውሰደኝ ሲሉት ሰምቷል።

ኮንጋ። የተወለዱበት ቀበሌ። ሃያ ዓመት ያልረገጡት። ሰውዬው የገዛ ሞታቸውን አንብበው ሊሞቱ ወደ ትውልድ ቦታቸው መሄዳቸው ነው ብዬ ቆረጥኩ። የፈሩት ይደርሳል የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ መሰለኝ። እኔም ሞተር ያዝኩ። ባለ ሞተሩ ጭቃውን እየዘለለ በመንገዱ ሁሉ ስለ ዘንድሮ ቡና ያወራኛል፤ እኔ ወገቡን አቅፌ ሳለቅስ እንባዬ ጃኬቱን አረጠበው። ዝናብ መጣ እንዴ ብሎ ወደ ሰማይ አየ።

የጅግሶ ቤት የት ነው ስንል አንድ መንደርተኛ በእጁ አሳየን፤ "ጩኸት የተሰማበት" አለን። የእግር መንገዱን በእንሰቱ መሃል እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ደጁ ላይ ስደርስ ያየሁትን ጠላት አይየው። ሰዎች ተሰብስበው በዝምታ ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው እጅ ላይ ፎቶና ሁለት ሻማ ያለበት ወረቀት አለ።

አለቀ። ደረስኩ፣ ግን አልደረስኩም። ነጠላዬ አብራኝ ብትኖር አሸርጣት ነበር፤ የለችም፣ ጃኬቴን አገለበጥኩ። "ጋሼ! ጋሼ መከታዬ!" እያልኩ፣ ደረቴን እየደቃሁ፣ በእድር ሥራ ዘመኔ ያየሁትን ለቅሶ ሁሉ አንድ ላይ አድርጌ ገባሁ። መሃል ደርሼ ልወድቅ ስል አንድ ሽማግሌ ብብቴን ይዘው አነሱኝ። ቀና ብዬ ላመሰግን አየኋቸው። ጋሽ ሽፈራው ናቸው። በሌላው እጃቸው ቆጮ በጎመን ይዘዋል።

ደነገጥኩ ብላችሁ አይገልጸውም። ያን ሁሉ መንገድ እሳቸው እንዳይደነግጡ ብዬ ሮጬ፣ ልትቆም የደረሰችው የእኔ ልብ ሆነች።

"ተቀመጥ" አሉኝ። "ቀብሬ ላይ እንዲህ የምትሆን ከሆነ ንባቡን ለሌላ ሰው ስጥ።"

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። መጀመሪያ ሌላ ሽፈራው መስሏቸው እንደነበር፣ ፎቷቸውን ሲያዩ ራሳቸው መሆናቸውን እንዳወቁ ነገሩኝ። ሞታቸውን ማንበባቸው እንዳላስደነገጣቸውም ነገሩኝ፤ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሞትን ቀርበው አይተውታልና። ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን ወረቀት ዘርግተው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አደረጉ። ከወንድም ከእህቶቻቸው ጋር ተፋቅረውና ተሳስበው የኖሩ።

"ያስደነገጠችኝ ይህች ናት" አሉ። "አንተ ይህችን ስታነብ ጅግሶ ጥግ ላይ ቆሞ ይሰማል። ሕዝቡም ዞሮ እሱን ያየዋል። እኔ ሳጥን ውስጥ ተጋድሜ መልስ መስጠት አልችልም። ሬሳ ሆኜ ልዋሽ?"

እስክሪብቶ ተውሰው መስመሯን ሊሰርዟት እንደነበር ነገሩኝ። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። ቢሰርዟት እውነት ይሆናል፤ ግን ሃያ ዓመታቸው እዚያ ቦታ ላይ ተሰርዞ ይታያል። ስለዚህ እስክሪብቶውን መልሰው መጡ።

ይህን ጊዜ ከአጠገባቸው የተቀመጡት ቀጭን ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጅግሶ ናቸው፤ ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ቁርጥ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ይህ ሰው ደጄ ላይ ቆመ" አሉኝ። "እኔ ሰላም አላልኩትም። ወረቀት ሰጠኝ። እኔ ማንበብ አልችልም። ፎቶውን አየሁ፣ ሻማውን አየሁ። ሽፈራው ሞተ ብዬ ጮህኩ። አንገቱን ይዤ፣ እሱን ራሱን ይዤ ነው ሞተ ብዬ የጮህኩት።"

ማንም አልሳቀም። ጎረቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ ለለቅሶ ደረሰ፤ ሲደርስ ሟቹ ለቀስተኛውን ሲያባብሉ አገኛቸው። ሽማግሌዎቹ አንዴ መጥተናል ብለው ተቀመጡና ሃያ ዓመት የቆየችውን የድንበር ዛፍ ነገር ጨረሱ። ዛፏ ራሷ ከወደቀች ዘጠኝ ዓመቷ ነው አሉ፤ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ጋሽ ሽፈራው አያውቁም ነበር።

እኔ ወረቀቶቹን ልሰበስብ ተነሳሁ፤ ሽማግሌዎቹ ፎቶው ጥሩ ነው ብለው አልሰጥም አሉኝ። የላስቲኩንማ ጅግሶ ቤታቸው ውስጥ ሰቅለውታል። ተስፋ ቆርጬ ወደ ጋሽ ሽፈራው ዞርኩና ፍላሹ ላይ ያለውን ግን ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ አልኳቸው። ተው አሉኝ፤ ቀኑን ብቻ አውጣና አስቀምጠው፣ መስመሯም ትቆይ፣ ከአሁን ወዲያ ብትነበብ አላፍርባትም አሉ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ይህን ሰምተው መረቁን፤ ሁሉም አሜን ብሎ ልብሱን እያራገፈ ለመሄድ ተነሳ።

"ምንድን ነው የሚነበበው?" አሉ ጅግሶ። "እኔ እያለሁ ነው ወረቀት የሚነበበው? ወረቀት ምን ያውቃል? እኔ ነኝ ቆሜ የምናገርልህ።"

ጋሽ ሽፈራው ዓይናቸው እንባ ሞላ። "መልካም፣ አንተ ተናገርልኝ" አሉ።

"ግን እኔ ከቀደምኩ አንተ ትናገራለህ።"

"አትቀድመኝም። ታላቁ እኔ ነኝ።"

"የዛሬ ሃያ ዓመት አንተ ቀድመህ ሄድክ፣ እኔን እዚህ ትተህ። አሁን ተራው የእኔ ነው።"

"ተራዬን አልሰጥም አልኩ እኮ፣ ጅግሶ።"

"እንግዲያው እኔም አልናገርልህም" አሉና ጅግሶ ፊታቸውን አዞሩ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ተመልሰው ተቀመጡ።